«ቆፍረን መዝግበናል» ማለት «አድነናል» ማለት ነው?

በእስራኤል ጥንታዊ ቅርስ ባለበት መሬት ላይ ሊገነባ ሲታሰብ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ «ሐፊራት ሀጻላ» ይደረጋል፤ የማዳን ቁፋሮ ማለት ነው። ስሙ ደስ ይላል። ግን የሚድነው ምኑ ነው? ዕቃው ወይስ ቦታው? ጥያቄውን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው የአየርላንዷ ደብሊን ውስጥ፣ ሊፊ ወንዝ ዳር ያለው ዉድ ኪ የሚባል ቦታ ነው።

ዉድ ኪ ከወንዝ የተወሰደ መሬት ነው። ከ900 እ.ኤ.አ. ገደማ ጀምሮ ቫይኪንጎች ዳርቻውን በአፈርና በእንጨት እየከተሩ፣ ከኋላው ቆሻሻ እየሞሉ ከተማቸውን ወደ ውሃው ገፉት። በ1100 ገደማ የድንጋይ ግንብ ተሠራ፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ከግንቡ ውጪ በትልልቅ እንጨት ተከትሮ ሌላ መሬት ተሞላ። እርጥቡ አፈር አየር ስለማያስገባ ሌላ ቦታ ቢሆን የሚበሰብሰው ሁሉ እዚህ ተረፈ፦ የቆዳ ጫማ፣ የእንጨት መጫወቻ ጀልባ፣ በጭራሮ የተሠራ የቤት ግድግዳ። የተራውን ሰው ኑሮ የነገረን እንግዲህ ያ የተጣለው ነገር ነው።

የከተማው አስተዳደር ቦታውን ለቢሮ ፈለገው። ብሔራዊ ሙዚየሙ ከ1974 እስከ 1981 ቆፈረ። በ1978 ፍርድ ቤት ቦታው ብሔራዊ ቅርስ ነው አለ፤ በዚያው ዓመት መስከረም፣ የታሪክ ፕሮፌሰርና ቄስ በሆኑት በኤፍ ኤክስ ማርቲን መሪነት 20,000 ያህል ሰው ሰልፍ ወጣ። በ1979 ተቃዋሚዎች ቦታው ላይ ገብተው ተቀመጡ። ሕጉ ግን አስተዳደሩና የመንግሥት ሥራዎች ኮሚሽነሮች ከተስማሙ ቅርሱ እንዲነሳ ይፈቅድ ነበር። ጠባቂውም ገንቢውም አንድ አካል ሆነ ማለት ነው። ቢሮው ተሠራ።

ትችቴ አርኪዮሎጂስቶቹ ላይ አይደለም፤ ብዙ ሠርተዋል። ግንባታው ባይታሰብ ኖሮ ምናልባት ቁፋሮውም አይኖርም ነበር፤ ይህም እውነት ነው። ትችቴ «ተመዝግቧልና ይፍረስ» የሚለው አስተሳሰብ ላይ ነው። ጫማውን ሙዚየም ማስገባት ይቻላል። ከተማው ደረጃ በደረጃ ወደ ወንዙ እንዴት እንደሄደ የሚያሳየውን መሬት ግን መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ አይቻልም። ዛሬ ከግንቡ አንድ ክፍል በቢሮዎቹ ሥር ባለ አዳራሽ ይታያል፤ ዙሪያው ግን የለም።

ይሄ እኛን ምን አገባን? በዚያው በ1978 የወጣው የእስራኤል የጥንት ቅርሶች ሕግ «ጥንታዊ» የሚለው ከ1700 በፊት በሰው እጅ የተሠራውን ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው፣ ሚኒስትሩ ታሪካዊ ዋጋ አለው ብሎ ካላወጀ አይካተትም። ወላጆቻችን በ1990ዎቹ የኖሩባቸው የካራቫን ሰፈሮች በዚህ ሕግ ዓይን ቅርስ አይደሉም፤ ለነሱ ሐፊራት ሀጻላ የሚያዝ የለም።

ደግነቱ፣ ለነሱ መቆፈር ገና አያስፈልግም፤ የሚያስታውሱት ሰዎች ቤታችን ውስጥ አሉ። ስለዚህ ፎቶውን ብቻ አትሰብስቡ። እናታችሁን ወይም አባታችሁን ወረቀት ስጧቸውና ሰፈሩን ያስሥሏችሁ፦ የማን ካራቫን ከማን አጠገብ ነበር፣ ልጆቹ የት ይጫወቱ ነበር፣ ቡና የት ይጠጣ ነበር። ዕቃ ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ቶሎ የሚጠፋው የቦታው አቀማመጥ ነው።