ጥሩ ሥራ ከድድ ይታወቃል

ከመገናኛ ወደ አያት በሚዘልቀው አቅጣጫ፣ በሳሊተ ምሕረትና በሲኤምሲ ሰፈሮች፣ ባንክ፣ ካፌና ፋርማሲ በተደረደረበት ሕንፃ ላይ የጥርስ ክሊኒክ ማስታወቂያ ማየት የተለመደ ነው። ማስታወቂያው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጎላው የነጣ ጥርስን ነው። ድዱ ወይ ከፎቶው ተቆርጦ ይወጣል፣ ወይ በከንፈር ተሸፍኖ ይቀራል። የጥርስ ሥራን መመዘን የሚችል ሰው ግን ዓይኑን መጀመሪያ የሚጥለው ድዱ ላይ ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጥርስ ቀለም ከናሙና ተመርጦ ለላቦራቶሪ ይታዘዛል፤ የከፈለ ሁሉ ያገኘዋል። ድድ ግን በትእዛዝ አይገኝም። ሐኪሙ ጥርሱን ያለበሰውን ሽፋን ጠርዝ የት እንዳቆመው፣ ምን ያህል እንደሞረደ፣ ቁስሉ እስኪድን ጠብቆ እንደሆነና እንዳልሆነ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ድዱ ላይ በግልጽ ይታያል። ቬኒር (በጥርሱ ፊት ላይ የሚለጠፍ ስስ ሽፋን) ለማስለበስ፣ ድዱን ለማስተካከል ወይም ጥርስ ለማስተከል ያሰበ ሰው ልቡ ሳይፈራ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ሲያውቅ ነው።

ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሐኪም

በሰሜን ኢትዮጵያ፣ በአማራም በትግራይም፣ ድድ መነቀስ የቆየ የውበት ሥራ ነው። ጥላሸት በመርፌ ወይም በእሾህ እየተወጋ ድዱ ውስጥ ይገባል፤ ድዱ ሲጠቁር ጥርሱ ነጥቶ ይታያል። ዛሬ ደግሞ ድዳቸው ሮዝ እንዲሆንላቸው የሚፈልጉ ወጣቶች አሉ። ሁለቱም ፍላጎት ሊከበር ይገባል። ሐኪሙ የሚመዘነው ለጥያቄው በሚሰጠው መልስ ነው።

ጥቁር ድድ ሁለት ዓይነት ነውና። አንደኛው ከቆዳ ቀለም ጋር አብሮ የተፈጠረ ሜላኒን ነው። በሽታ አይደለም፤ የሚገኘውም በድዱ ስስ የላይኛው ሽፋን ላይ ነው። በምላጭ፣ በመሞረጃ ወይም በሌዘር ሊገፈፍ ይችላል፤ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ግን ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው ንቅሳት ነው። ጥላሸቱ የላይኛውን ሽፋን አልፎ ሥጋው ውስጥ ስለተቀመጠ ላይ ላዩን መግፈፍ አይበቃውም፤ ጠለቅ ያለ ቀዶ ሕክምና፣ አንዳንዴም ከላንቃ ተወስዶ የሚሰፋ ሥጋ ይጠይቃል። ድዱ ስስ ከሆነ ደግሞ አብዝቶ መግፈፍ የጥርሱን ሥር ያጋልጣል። ይህን ልዩነት ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሐኪም ሊታመን ይችላል። ሁለቱን ሳይለይ «በአንድ ቀን ይጠፋል፣ አይመለስም» ብሎ ቃል የሚገባ ክሊኒክ ግን መታለፍ አለበት።

ፍንጭት ጥርስም እንዲሁ ነው። በአገራችን ፍንጭት የቁንጅና ምልክት ነው፤ የተዘፈነለትም ብዙ ነው። ታካሚው ሳይጠይቅ «ይህን ክፍተት እንዝጋው» የሚል ሐኪም የራሱን መልክ ታካሚው ፊት ላይ እየሣለ ነው። ሆኖም አንድ ጥያቄ ግድ ይላል፤ ፍንጭቱ የመጣው መቼ ነው? ከልጅነት ጀምሮ የነበረ ከሆነ ተፈጥሮ ነው። በ40 ዓመት የተከፈተ፣ ከዓመት ዓመትም እየሰፋ የሚሄድ ከሆነ ግን ጥርሱን የያዘው አጥንት በድድ በሽታ እየሟሸሸ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ክፍተት በሽፋን ከመዝጋት በፊት በሽታው መታከም አለበት።

ከትንሹ የሚጀምር

የስምጥ ሸለቆ ታካሚ ሌላ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። በአዳማ፣ በወንጂ ወይም በዝዋይ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ እየጠጣ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ውኃው ውስጥ ያለው ፍሎራይድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ብዙ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ከዚህ እጅግ ያልፋሉ። የሆላንዱ ኤችቪኤ ኩባንያ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ባስጀመረው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የታየው ጉዳት፣ ከጥርስ አልፎ አጥንትን የሚጎዳው ጭምር፣ በሕክምና ጥናቶች ተመዝግቧል። ቀለሙ የሚገባው በሕፃንነት፣ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ ነው፤ ስለዚህ በመፋቂያም በቡሩሽም አይለቅም።

እዚህ ላይ ጥሩ ሐኪም ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ቀላል ነጠብጣብ በማንጫ መድኃኒት፣ ወይም የላይኛውን የጥርስ ሽፋን በጥቂቱ በአሲድና በዱቄት በማሸት፣ ወይም የጥርሱን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ፈሳሽ ሬዚን በማጠጣት ሊደበዝዝ ይችላል። ይህ ካልበቃ ቬኒር ይመጣል፤ ጥርሱን ዙሪያውን የሚሸፍነው ሙሉ ክራውን የመጨረሻው አማራጭ ነው። ልዩነቱ በቁጥር ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ኤደልሆፍና ሶረንሰን ባሳተሙት ጥናት፣ ለሙሉ ክራውን ከጥርሱ የሚታይ አካል ከ63 እስከ 72 በመቶ ሲሞረድ፣ ለቬኒር ግን እንደ አሠራሩ ከ3 እስከ 30 በመቶ ብቻ ነው።

ለ22 ዓመት ወጣት ጤነኛ ጥርሶቹን እንደ እርሳስ አሹሎ ክራውን ማልበስ፣ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር፣ መጥፎ ሥራ ነው። የተሞረደው አይመለስም፤ ሽፋኑ በየተወሰነ ዓመት መቀየሩ አይቀርም፤ ከጥርሶቹ አንዳንዶቹም ነርቫቸው ሞቶ የሥር ሕክምና ይፈልጋሉ። ለዚህ የሚረዳ አጭር ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ምንም ባላሠራ ምን ይሆናል?» ይህን ሰምቶ የማይቆጣ፣ መልሱንም ተቀምጦ የሚያብራራ ሐኪም ግማሹን ፈተና አልፏል።

ቁጥር ሲጠራ

በመጀመሪያው ቀጠሮ መጠበቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ሐኪሙ ጫፉ በሚሊ ሜትር የተሰመረ ቀጭን መለኪያ ይዞ፣ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ስድስት ቦታ ላይ፣ በጥርሱና በድዱ መካከል ቀስ አድርጎ ያስገባል። ቁጥር ይጠራል፤ «ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት። ሦስት፣ ሁለት፣ አምስት፣ ይደማል።» ረዳቷ ትጽፋለች። ከ1 እስከ 3 ጤና ነው። ከ4 ጀምሮ ያለው፣ በተለይ ከደማ፣ ድዱ ከጥርሱ እየተላቀቀ መሆኑን ይጠቁማል። እንዲህ ከሆነ ጥርስ ማሳጠብና የሥር ጽዳት ይቀድማል፤ ድዱ ተረጋግቶ ዳግም እስኪለካ ድረስም የማስዋቡ ሥራ ይቆያል። ይህን መለኪያ ሳይነካ ስለ ቀለም ምርጫ የሚያወራ ክሊኒክ ከመሠረቱ ዘሏል።

ሲስቁ ድዳቸው በብዛት የሚታይባቸው ሰዎች ጉዳይ ከሁሉም በላይ ልክ ይፈልጋል። መነሻው ሊለያይ ይችላል፦ ድዱ ጥርሱን አልፎ ሸፍኖ፣ የላይኛው ከንፈር አጭር ሆኖ ወይም ከልክ በላይ ወደ ላይ እየተሳበ፣ አለበለዚያም መንጋጋው ራሱ ረዝሞ። በድድ ቀዶ ሕክምና በቀጥታ የሚስተካከለው የመጀመሪያው ነው። እሱም ቢሆን ወሰን አለው። ጋርጊሎና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1961 እንዳሳዩት፣ ከአጥንቱ ጫፍ በላይ ድዱ ጥርሱን የሚይዝበት ቦታ በአማካይ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ሰውነት ይህን ቦታ አይለቅም። ድዱ ብቻ ተቆርጦ አጥንቱ በነበረበት ከቀረ ድዱ መልሶ ያድጋል፤ የሽፋን ጠርዝ እዚያ ቦታ ውስጥ ከተገፋ ደግሞ ድዱ እንደቀላና እንደደማ ይኖራል። ስለዚህ ሐኪሙ «አጥንቱ የት ነው ያለው?» ሲባል ራጁንና ልኩን አውጥቶ ማሳየት አለበት።

ልኩ ከተወሰደ በኋላ ሙከራ ይከተላል። ጥሩ ሐኪም አዲሱን ቅርጽ መጀመሪያ በሰም ሞዴል ላይ ይሠራል፤ ከዚያም ጥርሱን ሳይሞርድ በጊዜያዊ ሬዚን አፍ ውስጥ ያሳያል። ታካሚው ያኔ መስተዋት ብቻ ሳይሆን ምላሱንም ይጠቀም። ከስልሳ እስከ ሰባ ይቁጠር፤ «ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ ሰባት» ሲል ፉጨት ካለበት የጥርሱ ርዝመት ወይም አቀማመጥ ይስተካከላል። «ፋሲካ» ሲልም የላይኛው ጥርስ ጫፍ የታችኛውን ከንፈር ነካ ብቻ ማድረግ አለበት።

የሦስት ሳምንት ዕረፍት

ለገና ወይም ለፋሲካ ከአሜሪካ፣ ከአውሮፓ ወይም ከመካከለኛው ምሥራቅ የሚመጡ ኢትዮጵያውያን ጥርሳቸውን አገር ቤት ሊያሠሩ ያስባሉ፤ ዋጋውም ቋንቋውም ይመቻቸዋል። ችግሩ ጊዜው ነው። ድድና አጥንት ከተስተካከለ በኋላ የፊት ጥርስ የመጨረሻ ልክ ከመወሰዱ በፊት አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ይጠበቃል። ኢምፕላንትም፣ ማለትም የሚተከለው ጥርስ፣ አጥንት እስኪይዘው ብዙ ጊዜ ወራት ይፈልጋል። ሁሉን በሦስት ሳምንት ጨርሶ ለመሸኘት ቃል መግባት ቸርነት አይደለም። ሥራውን ለሁለት ጉዞ ከፍሎ፣ በመጀመሪያው ቀዶ ሕክምናውንና ጊዜያዊ ሽፋኑን፣ በሁለተኛው ቋሚውን የሚያቅድ ሐኪም ይመረጣል።

ከቀጠሮው በፊትና በኋላ

የክሊኒኩ የሥራ ፈቃድና የሐኪሙ የሙያ ፈቃድ መታየት የሚችሉ መሆን አለባቸው። ዋጋው፣ የሚሠሩት ጥርሶች ብዛት፣ የሽፋኑ ዓይነት፣ ቢሰበር ማን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይሰጥ። ዕቃዎቹ በታሸገ ከረጢት መጥተው ታካሚው ፊት ይከፈቱ፤ ከረጢቱ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን ቀይሮ ከሆነ በእንፋሎት መቀቀያው ውስጥ ማለፉን ያሳያል። ሄፓታይተስ ቢ በስፋት ባለበት አገር ይህን መጠየቅ ነውር የለበትም።

ታካሚውም የራሱ ግዴታ አለበት። የስኳር፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም፣ እርግዝና፣ የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ ይነገር። የልብ ቫልቭ ያስቀየረ ሰው ከቀዶ ሕክምናው በፊት የመከላከያ አንቲባዮቲክ ያስፈልገዋል፤ ደም ማቅጠኛ የሚወስድም ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር ማቋረጥ የለበትም። በማደንዘዣ መርፌ ብቻ ለሚሠራ ሥራ በልቶ መሄድ ይሻላል። በጾም ወራት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ባዶ ሆዱን ወንበር ላይ ቢወጣ ራሱን ሊስት ይችላል፤ ቀጠሮውን ከጾሙ በኋላ ማድረግ ወይም ከነፍስ አባቱ ጋር መመካከር ይችላል።

ከሥራው በኋላ በመጀመሪያው ቀን በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ በጉንጭ ላይ እያሳረፉ ማንሳት እብጠቱን ይቀንሳል፤ እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ቢጨምር አያስደነግጥም። ለብ ያለ አጥሚት፣ ሾርባና አልጫ ሽሮ ይስማማሉ፤ ቆሎ፣ ሚጥሚጣና የሚያቃጥል ቡና ይቆዩ። ሲጋራ የድድን የደም ዝውውር ስለሚቀንስ የቁስሉን መዳን ያዘገያል፤ ጫትም ቁስሉን ይፈገፍጋል። ክሎርሄክሲዲን መጉመጥመጫ የታዘዘለት ሰው ቡናና ሻይ ካላቆመ ጥርሱ እንደሚጠቁር ይወቅ። መፋቂያ የተሰፋው ቦታ እስኪድን አይነካው። ደሙ ካልቆመ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ሕመሙ ከሦስተኛው ቀን በኋላ ከባሰ ያለ ቀጠሮ መመለስ ነው።

ያለቀውን ሥራ መመዘን

ሥራው አልቆ ድዱ ሲድን ታካሚው በቀን ብርሃን ከንፈሩን ገልጦ ይመልከት። የሁለቱ መሃል ጥርሶች የድድ ጠርዝ እኩል መሆን አለበት፤ ከክራንቻዎቹ ጋርም ይስተካከላል፤ በመሃል ጥርሶቹና በክራንቻዎቹ መካከል ያሉት ግን አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ቢሉ ያምራሉ። የመሃል ጥርስ ስፋት ከርዝመቱ ከ75 እስከ 80 በመቶ ሲሆን ተፈጥሯዊ ይመስላል። በጥርሶቹ መካከል ያለው የድድ ጫፍ ቦታውን ሞልቶ ጥቁር ሦስት ማዕዘን አለመተዉ፣ በጠርዙ ላይ ግራጫ የብረት መስመር አለመታየቱ፣ ድዱም አለመቅላቱ ይታይ። ከዚያ የጥርስ ክር ይግባ። ክሩ ጠበቅ ብሎ ገብቶ ሳይበጠስና ሳይተለተል መውጣት አለበት፤ ከተተለተለ ጠርዙ ሻካራ ነው ወይም ሲሚንቶ ቀርቷል፤ ሐኪሙ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያስተካክለው።

የመጨረሻው ፋይሉ ነው። ከሥራው በፊትና በኋላ የተነሱ ፎቶዎችና ራጆች፣ የመጀመሪያው የድድ ልክ፣ የሽፋኑ ዓይነትና የቀለም ቁጥር፣ ኢምፕላንት ከሆነ የአምራቹ ስምና የመለያ ቁጥሩ ለታካሚው በቅጂ ይሰጡ። በየስድስት ወሩ ጥርሱ ይታጠብ፤ በዓመቱ ደግሞ እነዚያው ስድስት ነጥቦች እንደገና ይለኩ። በፊት 2 እና 3 የነበረው ቁጥር 5 ከሆነና ከደማ፣ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያበራ ጠርዙ ተፈትሾ አስፈላጊ ከሆነ ሽፋኑ ይቀየር፤ ታካሚውም የቀድሞውን ልክ በእጁ ስለያዘ ለሠራለት ሐኪምም ለሌላ ሐኪምም ማሳየት ይችላል።