«ድፍረት» እና ያልተጠየቀችው ልጅ

«ድፍረት» የሚለው ቃል በአማርኛ ሁለት ፍች አለው። አንደኛው ፍርሃትን ማሸነፍ ሲሆን ሁለተኛው የሴትን ልጅ ክብር በኃይል መንካት ነው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ በ2006 ዓ.ም. ለተመልካች ያቀረቡትን ፊልም በዚህ ቃል መሰየማቸው ተገቢ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም ፊልሙ ለአንዲት የመቱ ተማሪ ስለ ራሷ ዋጋ ምን ይነግራታል? የሚል ነው።

የፊልሙ መነሻ እውነተኛ ታሪክ ነው። በ1996 እ.ኤ.አ. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ተጠለፈች፤ ተደፈረች፤ ስታመልጥም ጠላፊዋን በጠመንጃ ገደለች። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው ነው ብሎ በነፃ አሰናበታት። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ልጅ ቢያገባት ከቅጣት ያድነው ነበር። ይህ ቀዳዳ የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. በጸናው የወንጀል ሕግ ነው።

ፊልሙ ልጅቱን በመጀመሪያ የሚያሳየን ተበድላ ስታለቅስ አይደለም። ክፍል በማለፏ ተደስታ ወደ ቤቷ ስትሄድ ነው። ስለዚህ የተወሰደባት ምን እንደ ሆነ ገና ከጅምሩ እናውቃለን። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው እርሷ በሌለችበት ስለ እርሷ ሲፈርዱ የሚታይበት ክፍልም እጅግ የተሳካ ነው።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ፊልሙ አብዛኛውን ጊዜ የጠበቃዋን ሩጫ ይከተላል። ልጅቱ ሌሊት ምን እንደምታስብ፥ ራሷን ትወቅስ እንደ ሆነ፥ ከሰው ፊት መቆም ያስፈራት እንደ ሆነ በጥቂቱ ብቻ ይነካል። በፍርድ ነፃ መውጣትና በመንፈስ መዳን አንድ የሆኑ ያህል ነው። ከሁሉ የሚያሳዝነው ደግሞ ፊልሙ በአዲስ አበባ ሊመረቅ በተዘጋጀበት ዕለት በባለታሪኳ አቤቱታ ምክንያት በፍርድ ቤት ትእዛዝ መታገዱ ነው። እገዳው በኋላ ተነሥቷል። ይሁን እንጂ ሽማግሌዎቹን እርሷን ሳይጠይቁ ፈረዱ ብሎ የሚወቅስ ሥራ ራሱ ሳትጠየቅ ታሪኬ ተወሰደ የሚል ቅሬታ ሲቀርብበት ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ይህ ነገር ለኢሉባቦር ሩቅ አይደለም። በመቱ፥ በጎሬ፥ በሁሩሙና በያዮ ከገጠር መጥተው፥ ክፍል ተከራይተው፥ ስንቃቸውን ከቤት እያመላለሱ የሚማሩ ልጃገረዶች አሉ። በመንገድ ላይ ክፉ ነገር የደረሰባት ልጅ ብዙ ጊዜ አስቀድማ የምትሰማው «ምን ሆንሽ?» የሚለውን ጥያቄ አይደለም፤ «ለምን በዚያ ሄድሽ?» የሚለውን ነው። ከዚያ ወዲያ ዝም ትላለች፤ በክፍል ውስጥ እጇን አታነሣም። ወላጆቿና መምህራኗም «ጨዋ ሆነች» ብለው ያመሰግኗታል። እንደሚመስለን የአእምሮ ሕመም ጨዋነት መስሎ የሚያልፈው በዚህ ዓይነት ነው።

ሌላም ነገር አለ። ታሪኩ የተፈጸመው በአርሲ ሲሆን ፊልሙ የሚናገረው በአማርኛ ነው። የመቱዋ ልጅ ጠለፋን የምታውቀው «ቡቲ» በሚለው ስሙ ነው፤ ኀዘኗንም የምታስበው በአፋን ኦሮሞ ነው። ለእናቷ መናገር ያቃታትን ነገር በሌላ ቋንቋ ለመምህሯ ትናገራለች ብሎ መጠበቅ ከባድ ነው።

ስለዚህ ፊልሙ በኢሉባቦር ትምህርት ቤቶች ቢታይ እንወዳለን። ነገር ግን ከትርኢቱ በኋላ ወዲያው ምክርና ንግግር አይከተል። ልጃገረዶቹ ብቻቸውን ከሚያምኗት መምህርት ጋር ተቀምጠው፥ በገዛ ቋንቋቸው፥ የፈለጉትን ይናገሩ፤ መናገር ያልፈለገችም አትገደድ። ፊልሙ ሳይጠይቅ ያለፈውን ጥያቄ እኛ ልንጠይቅ እንችላለን፤ መልሱንም እስኪጨርሱ ድረስ መስማት አለብን።