ለቴአትር የሚሆን ካሜራ

ቴአትር ማንሳት የሚፈልጉ ወጣት ፎቶግራፍ አንሺዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «ስንት ሜጋፒክሰል ይሁን?» ብለው ነው። እኔ ደግሞ «የትኛው አዳራሽ? ከየትኛው ወንበር? በልምምድ ጊዜ ነው ወይስ ተመልካች ባለበት?» ብዬ እመልሳለሁ። ሠርግ የሚያነሳ ሰው ብርሃኑን ይዞ ይመጣል፤ ሙሽሮቹንም «እስቲ ወደዚህ ዞር በሉ» ይላል። የቴአትር አንሺ ይህ ሁሉ መብት የለውም። ብርሃኑ የመብራት ባለሙያው ነው፣ አቋቋሙ የአዘጋጁ ነው፣ ጸጥታው የተመልካቹ ነው። ስለዚህ የካሜራው የመጀመሪያ ፈተና የእነዚህን ሰዎች ሥራ ሳይነካ መሥራት መቻሉ ነው። የምስል ጥራት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከድምፅ ልጀምር። እናት የልጇን መርዶ ሰምታ ቃል ያጣችበትን ትዕይንት አስቡት። ደራሲው ያንን ዝምታ ጽፎታል፤ አዘጋጁ ለክቶታል፤ ተዋናይዋ ሳምንታት ተለማምዳዋለች። ፎቶውም ያለው እዚያው ዝምታ ውስጥ ነው። ባለመስታወት ካሜራ በዚያች ቅጽበት መስታወቱ ተነስቶ ሲመለስ «ቀጭ» ይላል፤ ፊት ያለው ተመልካች ዞር ይላል፤ ተዋናይዋም ትሰማለች። በብሔራዊ ቴአትር ሰፊ አዳራሽ፣ ከሰገነት ላይ ሲሆን ይህ ድምፅ በመጠኑ ይዋጣል። ጠበብ ባለ አዳራሽ ውስጥ ግን መደበቂያ የለውም። ከዲጂታል ዘመን በፊት ብዙ የመድረክ ፎቶ አንሺዎች መስታወት የሌለውን ላይካን የወደዱት በዚሁ ምክንያት ነበር።

ሚረርለስ የምንላቸው የዛሬ ካሜራዎች ይህን ፈቱት። ሻተራቸው ኤሌክትሮኒክ ሲሆን ምንም አይሰማም። ዝምታው ግን ሌላ ዕዳ ይዞ ይመጣል፤ ወጣቶቹ ገንዘባቸውን ከከፈሉ በኋላ የሚደርሱበትም ይሄንኑ ነው። በኤሌክትሮኒክ ሻተር ሴንሰሩ ምስሉን በአንድ ጊዜ አያነበውም፤ ረድፍ በረድፍ እየለቀመ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። በብዙ መካከለኛ ካሜራዎች ይህ ለቀማ የሰከንድ ሃያኛ ወይም ሠላሳኛ ያህል ጊዜ ይፈጃል። የመድረክ ኤልኢዲ መብራት ደግሞ ሲደበዝዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚደበዝዘው በከፍተኛ ፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው። ዓይናችን አይለየውም። ሴንሰሩ ግን አንዱን ረድፍ ሲያነብ መብራቱን በርቶ፣ ትንሽ ዝቅ ሲል ጠፍቶ ያገኘዋል። በተዋናዩ ፊት ላይ ጠቆር ያሉ አግድም መስመሮች የሚጋደሙት በዚህ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ በቀላሉ የሚታረሙም አይደሉም። የቀድሞው የሃሎጅን አምፖል ሽቦው ግሎ ስለሚቆይ ይህን ያህል አያስቸግርም ነበር። አዳራሹ ወደ ኤልኢዲ ከተቀየረ የካሜራ ምርጫችሁም አብሮ ይቀየራል።

መውጫው ሴንሰሩን በፍጥነት የሚያነብ ካሜራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሶኒ አልፋ 9 መንገዱን ከፈተ። በ2021 የመጣው ኒኮን ዜድ 9 ሴንሰሩን በሰከንድ 270ኛ ገደማ ስለሚያነብ ሜካኒካል ሻተር ጨርሶ አልተደረገለትም። ሶኒ በ2023 ያስተዋወቀው አልፋ 9 ሦስተኛው ሁሉንም ረድፍ በአንድ ቅጽበት ያነባል። እነዚህ ውድ ናቸው፤ ለአብዛኞቻችን የማይቀመሱ። ውድ ያልሆነው መንገድ ሁለቱንም ሻተር በሚገባ የሚጠቀም ካሜራ መያዝ ነው፦ ሙዚቃ፣ ጭብጨባና ሳቅ ሲኖር ሜካኒካሉን፣ ጸጥታው ሲመጣ ኤሌክትሮኒኩን። የሚረርለስ ሜካኒካል ሻተር ከባለመስታወቱ ይልቅ ለስለስ ያለ ነው። ስለዚህ ካሜራውን ስትይዙ መጀመሪያ የምታዩት ከአንዱ ወደ ሌላው በአንድ ቁልፍ፣ ዓይን ከመመልከቻው ሳይነሳ ማለፍ ይቻል እንደሆነ ይሁን። በጨለማ ውስጥ ማውጫ እየከፈተ የሚፈልግ ሰው ትዕይንቱ ያመልጠዋል።

የእኛ መድረክ ለካሜራ የሚያቀርበው ከባዱ ጥያቄ ግን ነጠላ ነው። ጠይም ፊት፣ ዙሪያውን ነጭ ነጠላ፣ ከኋላ ጥቁር መጋረጃ፣ ከላይ አንድ ስፖት። የካሜራው መለኪያ ጥቁሩን መጋረጃ አይቶ «ብርሃን አንሷል» ይልና ይጨምራል፤ ነጠላው ነጭ ወረቀት ይሆናል፤ ጥለቱ እንኳ ይነጣል። ለነጠላው ብለን ስንቀንስ ፊቱ ይጠቁርና ዓይኖቹ ይቀበራሉ። በማስታወቂያ ወረቀት ላይ ካሜራዎች የሚይዙት የብርሃን ስፋት ሲነገር ቁጥሩ የሚለካው በዝቅተኛው አይኤስኦ ነው። እኛ የምንሠራው በ3200ና በ6400 ነው፤ አይኤስኦው በእጥፍ ባደገ ቁጥር ደግሞ ያ ስፋት በአንድ ደረጃ ያህል ይጠብባል። በአይኤስኦ 100 አንደኛ የተባለ ካሜራ በ6400 ከሌሎቹ እኩል ሊሆን ይችላል። እኔ የማነሳው ለነጠላው ነው፤ ክሩ እንዲታይ አድርጌ፣ በሮው ፋይል ይዤ፣ ፊቱን በኋላ አወጣዋለሁ። ከኒኮን ዲ810 ጀምሮ የመጣው፣ ለደማቁ ቦታ ቅድሚያ የሚሰጠው መለኪያ ለዚህ ትልቅ እርዳታ ነው። ካሜራ ስትፈትኑ የጠቆረውን ፊት ከፍ አድርጋችሁ ጉንጩን ተመልከቱ። ቆዳው ቆዳ ሆኖ ከቀጠለ ጥሩ ነው። ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ነጠብጣብ ከወረረው ያ ካሜራ ለእኛ ተዋንያን አይሆንም።

ከቀለማት ሰማያዊው ይከፋል። የሌሊት ትዕይንት ሁሉ በሰማያዊ ኤልኢዲ ነው የሚሠራው፤ ጠቅላላው መለኪያ «ገና ነው» እያለ ሰማያዊው ብቻውን ሞልቶ ይፈስሳል፣ ፊቱም ቅርጽ አልባ ይሆናል። ሦስቱን ቀለማት ለየብቻ የሚያሳይ ሂስቶግራም የሌለው ካሜራ ይህን አይነግራችሁም።

ሜጋፒክሰሉ የመጨረሻው ጉዳይ ነው። 24 ሜጋፒክሰል ጥቅጥቅ ባለ የመጽሔት ኅትመት 50 በ34 ሴንቲሜትር ያህል ይወጣዋል፤ አዳራሹ ደጃፍ ላይ የሚሰቀለው ትልቅ ፖስተር ደግሞ ከሩቅ ስለሚታይ ያን ያህል ጥራት አይጠይቅም። ከዚህ ይልቅ የምጨነቀው ስለ ትንንሾቹ መብራቶች ነው። ፎከስ ለመፈለግ ከካሜራው ፊት የምትበራዋ መብራት ተዋናዩ ግንባር ላይ ታርፋለች፤ የጀርባው ስክሪን ከኋላ ለተቀመጠው ሰው ሁለተኛ መድረክ ይሆንበታል። ሁለቱንም አጥፍቶ መሥራት የማያስችል ካሜራ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢሆን፣ ወደ አዳራሽ ይዤ አልገባም።

ብዙዎቻችን ካሜራ የምናገኘው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሚመጣ ዘመድ እጅ፣ አለዚያም ያገለገለ ገዝተን ነው። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ሌንሱ ላይ ይዋል። 70–200 ኤፍ 2.8 ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው፤ ግን ውድ ነው፤ ከባድም ነው። 85 ሚሊሜትር ኤፍ 1.8 በእጅጉ ይረክሳል፤ ከኤፍ 2.8ም ከሁለት እጥፍ በላይ ብርሃን ያስገባል። በ6400 ይነሳ የነበረው ትዕይንት በ3200 አካባቢ ይነሳል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ለጠይሙ ፊት ብዙ ነው። ዋጋው ወደ ፊት ቀረብ ብሎ መቀመጥ ነው፤ ከሰገነት ላይ በ85 የሚነሳ ተዋናይ በጣም ያንሳል።

ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት ካሜራውን ለአንድ ቀን ተውሳችሁ ወደ ልምምድ ውሰዱት፤ ከተቻለ ከምርቃቱ በፊት ወዳለው የመጨረሻው ሙሉ ልምምድ፣ አልባሳቱና መብራቱ ሁሉ ወዳለበት። የመብራት ባለሙያውን ቀድማችሁ አናግሩት። «ጋሼ፣ ከልምምዱ በፊት ሰማያዊውን እስከ ሲሶ ዝቅ ያድርጉልኝ» ቢባል አብዛኛው እምቢ አይልም፤ እሱም የራሱ ሥራ በፎቶ እንዲበላሽ አይፈልግም። በኤሌክትሮኒኩ ሻተር በ1/125፣ በ1/250ና በ1/500 አንሱ፤ ከዚያ በሜካኒካሉ ድገሙት። ፎቶዎቹን በካሜራው ስክሪን አትፍረዱባቸው። ቤት ወስዳችሁ በሙሉ መጠናቸው ክፈቷቸው፤ ከኋላ ያለውን ግድግዳና የተዋናዩን ግንባር ተመልከቱ። መስመር ካለ የትኛው ፍጥነት ላይ እንደሚጠፋ በዚያ አዳራሽ ስም ማስታወሻ ያዙ። በየትኛውም ፍጥነት ካልጠፋና ሜካኒካሉም ለጸጥታው ትዕይንት የሚጮህ ከሆነ ሌላ ካሜራ ፈልጉ።