በጉድጓዱ አፍ የቆመው ምስክር፦ ኤርምያስ፣ አቤሜሌክና የሕዝብ ፍርድ

የዕብራውያን ነቢያት በሕዝብ ላይ የተናገሩትን ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የምናነበው በሌላው ሕዝብ ላይ ነው። ጦርነት፣ ድርቅ ወይም ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር የማን ኃጢአት እንዳመጣው የሚነግረን ሰባኪ አይጠፋም። ትንቢተ ኤርምያስ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ አነባበብ አይመችም። ኤርምያስ የፈረደው በገዛ ወገኑ፣ በገዛ አባቶቹ መቅደስ ላይ ነው። የታማኝነቱም ዋና ማስረጃ፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ የተናገረው ሲፈጸም ከሕዝቡ ጋር መገኘቱ ነው።

በምዕራፍ 7 እና በምዕራፍ 26 የሚገኙት ቃሎች የአንድ ስብከት ሁለት ገጽታ ናቸው የሚሉት ሊቃውንት ብዙ ናቸው። ጊዜው የይሁዳ ንጉሥ ኢዮስያስ በመጊዶ ወድቆ ኢዮአቄም የነገሠበት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 609 ገደማ ነው። ነቢዩ በቤተ መቅደሱ በር ቆሞ ለስግደት የሚገቡትን ይገሥጻል። መሥዋዕት አላጓደሉም። ክሱ ሌላ ነው፦ መጻተኛውን፣ ድሀ አደጉንና መበለቲቱን እየገፉ፣ ንጹሕ ደም እያፈሰሱ፣ የእግዚአብሔር ቤት በመካከላችን እስካለ ድረስ ማንም አይነካንም ማለታቸው ነው። ለዚህም ሴሎን ማስረጃ አድርጎ ይጠራል፤ ታቦቱ ያደረባት፣ ሳሙኤል ያደገባት ሴሎ ፈርሳለችና።

ካህናቱና ነቢያቱ ሞት ይገባዋል አሉ። ሽማግሎች ግን ነቢዩ ሚክያስ በንጉሥ ሕዝቅያስ ዘመን ተመሳሳይ ነገር ተናግሮ እንዳልተገደለ አስታወሱ፤ የሳፋን ልጅ አኪቃምም እጁን ዘርግቶ አተረፈው። ያንኑ ቃል የተናገረው ሌላው ነቢይ ኦርዮ ግን ወደ ግብፅ ሸሽቶ ሳለ ተይዞ መጣ፤ በሰይፍም ተገደለ። ምዕራፉ ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው በከንቱ አይመስለኝም። የአንዱ መትረፍ ለታማኝነቱ ማረጋገጫ፣ የሌላው መገደልም ለሐሰተኛነቱ ምስክር እንዳልሆነ አንባቢው እንዲያስተውል ነው። ጌታችን ነጋዴዎቹን ከመቅደስ ሲያስወጣ የጠቀሰው ከዚሁ ስብከት ነው፤ ስለዚህ ክርስቲያን አንባቢ ቃሉን የጥንቷ ይሁዳ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ሊያልፈው አይችልም።

ፍርድን መናገር በፍርድ መደሰት ማለት አልነበረም። ሐሰተኛው ነቢይ ሐናንያ በሁለት ዓመት ውስጥ የባቢሎን ቀንበር ይሰበራል ብሎ በሕዝብ ፊት ሲተነብይ፣ ኤርምያስ በመጀመሪያ የመለሰው አሜን፣ እንዳልኸው ያድርግልን የሚል ነበር። እውነት እንዳልሆነ እያወቀ እውነት በሆነ ብሎ ተመኘ። የጠላትን ጥፋት በደስታ የሚያውጅ ሰባኪ ከዚህ ነቢይ ጋር ዝምድና የለውም።

የባቢሎን ጦር ይሁዳን ሲወጋ ከተመሸጉት ከተሞች የቀሩት ለኪሶና ዓዜቃ ብቻ እንደነበሩ ምዕራፍ 34 ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1935 የአርኪዮሎጂስቱ የስታርኪ የቁፋሮ ቡድን በለኪሶ በር አጠገብ በቀለም የተጻፈባቸውን የሸክላ ስብርባሪዎች አገኘ። በአንዱ ላይ ጸሐፊው የለኪሶን የእሳት ምልክት እየጠበቁ መሆናቸውን፣ የዓዜቃ ምልክት ግን እንደማይታያቸው ይገልጻል። በሌላው ላይ የተዋጊውን እጅ ስለሚያላላ ቃል የቀረበ ስሞታ ይነበባል፤ መኳንንቱ ኤርምያስን የከሰሱትም በዚሁ ነው። በዚያው ከበባ ባለጸጎቹ ዕብራውያን ባሪያዎቻቸውን አርነት አወጡ። የግብፅ ጦር መጣ ሲባል ከበባው ለጊዜው ተነሣ፤ እነርሱም መልሰው ባሪያ አደረጓቸው። የነቢዩ ፍርድ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅ ከዚህ የሚበልጥ መልስ የለም።

መኳንንቱ ኤርምያስን በገመድ አውርደው በመልክያ ጉድጓድ ጣሉት። ውኃ አልነበረበትም፤ ነቢዩ በጭቃው ውስጥ ሰመጠ። ንጉሥ ሴዴቅያስ እነርሱን መከልከል እንደማይችል ተናግሮ አሳልፎ ሰጥቶት ነበር። ከግብፅ በስተደቡብ ከኩሽ ምድር የመጣው የቤተ መንግሥቱ ጃንደረባ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ይህን ሰምቶ፣ ንጉሡ በብንያም በር በተቀመጠበት፣ ሰው ሁሉ በሚያይበት ቦታ ቀረበ። ራእይ አላየም፣ ትንቢትም አልተናገረም። እነዚህ ሰዎች ክፉ አደረጉ፣ ሰውየው በረሀብ ይሞታል አለ። ከተፈቀደለት በኋላ ወደ ግምጃ ቤቱ ሥር ገብቶ አሮጌ ጨርቅና ያለቀ ልብስ ሰበሰበ፤ ገመዱ ብብቱን እንዳይልጠው ከሥሩ አድርግ ብሎ ጨርቁን አወረደለት። ለማውጣት ገመዱ ብቻውን ይበቃ ነበር። እንጀራ ባለቀባት ከተማ፣ መኳንንቱን ተቃውሞ ሳለ፣ የአንድን እስረኛ ብብት ያሰበ ሰው ምስክርነት ምን እንደሆነ ገብቶታል። ኢትዮጵያዊነቱን ብቻ ነቅሶ መኩራት ይህን የጨርቅ ጉዳይ እንዳያስረሳን እሰጋለሁ።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ከኤርምያስ ጋር የሚነበበው ተረፈ ባሮክ ይህን ሰው አልረሳውም። የከተማዋን ጥፋት እንዳያይ በለስ ሊያመጣ ተልኮ 66 ዓመት ይተኛል፤ ሲነቃ በለሱ እንደ ትኩስ ነው። ትረካው በርኅራኄ የተሞላ ነው፤ የትንሣኤ ተስፋንም በአንድ ቅርጫት በለስ ያሳያል። ቢሆንም ትንቢተ ኤርምያስ የበለጠ ይከብዳል። በምዕራፍ 39 ለአቤሜሌክ የተሰጠው ተስፋ በሚፈራቸው ሰዎች እጅ አለመውደቅና ነፍሱን ማትረፍ ነው፤ የጥፋቱን ቀን ከማየት አልተሰወረም። ሁለቱን አንድ ላይ ማንበብ ለሊቃውንታችን ገና ብዙ ሥራ ያለበት መስክ ነው።

ኤርምያስ የባቢሎን ወገን ነበር የሚለው ክስ ዛሬም ይነሣል። ከተማዋ ከወደቀች በኋላ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ወይም በ586፣ የባቢሎን ንጉሥ የዘበኞች አለቃ ናቡዘረዳን ወደ ባቢሎን ቢመጣ እንደሚንከባከበው ነግሮት ነበር። ኤርምያስ ግን ወደ ምጽጳ ሄዶ በምድሪቱ ከቀሩት ድሆች ጋር ባቢሎናውያን በምድሪቱ ላይ ከሾሙት ከጎዶልያስ ዘንድ ተቀመጠ። ጎዶልያስ ተገድሎ የቀሩት ወደ ግብፅ ሲሸሹ፣ አትሂዱ ያላቸውን ነቢይ ይዘውት ወረዱ፤ በጣፍናስም ከእነርሱ ጋር ሆኖ ይገሥጻቸው ነበር። ክሱን ውድቅ ለማድረግ ይህ ይበቃል።

እንግዲህ በዐውደ ምሕረትም ሆነ በአዳራሽ የነቢያትን መጽሐፍ የምታስተምሩ መምህራን፣ ስለ ማንኛውም ሕዝብ ፍርድ ከመናገራችሁ በፊት ምዕራፍ 7ን በገዛ ቤተ ክርስቲያናችሁ በር ላይ አንብቡት፤ በዚያ በር የሚቀመጡት መጻተኞችና መበለቶች እየሰሙ።