የሰፋ ብሌን

ዓይኑን የተመታ ሰው ብሌኑ ሰፍቶ ሲመጣ ቤተሰቡ የሚጠይቀኝ የሚያጠበውን ጠብታ ነው። እኔ ግን ለምን እንደሰፋ ሳላውቅ ጠብታ አላነሳም።

በአሶሳ ዙሪያ ዓይን የሚመታው ብዙ ነገር ነው። ሲቆርጡት ተወጥሮ የቆየ ሽመል ተፈናጥሮ ፊት ላይ ያርፋል፤ ወርቅ በሚቆፈርበት በኩርሙክና በመንጌ በኩል ደግሞ የድንጋይ ፍንጣሪ አለ። ብሌኑ ወደ አንድ ጎን ተስቦ የእንባ ጠብታ ከመሰለ ዓይኑ ተበስቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይጫኑት፣ ምንም ሳይጨምሩበት፣ በጠንካራ ነገር ከልሎ መላክ ነው። ዓይኑ ሳይበሳ ከተመታ ብሌንን የሚያጠበው ጡንቻ ወይ ይደነዝዛል ወይ ጠርዙ ይቀደዳል። የደነዘዘው በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል። የተቀደደው እንደሰፋ ይቀራል።

ጭንቅላቱንም ተመትቶ የዓይኑ ቆብ የወደቀ፣ የሚያስመልሰው ወይም የሚያንቀላፋ ሰው ጉዳዩ የአንጎል ሊሆን ይችላልና አንድ ደቂቃም አይቆይም። አንዳንዴ ደግሞ ብሌኑን ያሰፋው ምቱ ሳይሆን ቀድሞ የተጨመረ አትሮፒን ነው፤ ውጤቱ ከሳምንት በላይ ይቆያል። የአስተናግር ጭማቂ ዓይን ውስጥ ሲገባም እንዲሁ ያደርጋል። ስለዚህ በጤና ጣቢያ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ ሪፈር ስትጽፉ መጀመሪያ ያያችሁትን የብሌን ስፋት፣ ለብርሃን የሰጠውን ምላሽ፣ ከዚያ የጨመራችሁትን ጠብታና ሰዓቱን አስፍሩልኝ። ያቺ መስመር ከሌለች የመድኃኒቱን ሥራ ከአንጎል ጉዳት መለየት ይከብዳል።

ብሌን የሚያጠበው ፓይሎካርፒን ትኩስ ጉዳት ላይ ብግነቱን ያባብሳል፤ ለተቀደደ ጡንቻም እምብዛም አይፈይድም። እንዲያውም የዓይኑ ውስጥ ደም ከቋጠረ ወይም ከተቆጣ ጡንቻው እንዲያርፍ እኛው ራሳችን ብሌኑን በአትሮፒን እናሰፋዋለን። «ሰፋ ብለን ብናመጣው አንተ ደግሞ ታሰፋዋለህ?» ይሉኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ቁጭ ብሎ ማስረዳትም የሕክምናው አካል ነው።

ሰፍቶ ለቀረው ብሌን ጥቁር መነጽርና ሰፊ ባርኔጣ ከአሶሳ ፀሐይ ያሳርፋሉ። በስፌት የሚያጠብ ቀዶ ሕክምናም አለ፤ ግን ብዙዎች ያለ እሱ ደህና ያያሉ።

እኔን የሚያሳስበኝ ከብሌኑ ጀርባ ያለው ነው። ያው ምት የዓይን ውኃ የሚወጣበትን ማዕዘን ጎድቶ ከዓመታት በኋላ ያለ ሕመም ግላኮማ ሊያመጣ ይችላል፤ በግላኮማ የጠፋ እይታ ደግሞ አይመለስም። ዓይናችሁን በኃይል ተመትታችሁ የምታውቁ ሁሉ፣ ደህና ብታዩም እንኳ በየዓመቱ የዓይናችሁን ግፊት አስለኩ።