ሰው የማቆም ሙያ

ጎብኚ ይዞ ተራራ የሚወጣ አስጎብኚ የሥራውን እኩሌታ ተራራው ይሠራለታል። ዳገቱ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ሰው ሳይወድ በግዱ ይቆማል፤ ከቆመ ደግሞ ዙሪያውን ያያል። የወንዝ ዳር መንገድ እንዲህ ያለ አጋዥ የለውም። ሜዳ ነው፣ ጥላ አለው፣ እግር አያደክምም። ወሬው ይደራል፤ ሌሊት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የመጣ ሰው ግማሽ ቀን የሚበቃውን መንገድ በአንድ ሰዓት ጨርሶ “አለቀ እንዴ?” ይላል። እኔ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ወንዙን ተከትዬ ሰው ስመራ የምለፋው ይህ ጥያቄ እንዳይመጣ ነው። ለዚህም ከሁሉ በላይ መማር የነበረብኝ ሰው የት እንደሚቆም ነው።

ፓርኩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን 756 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። ወደ ድሬዳዋና ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አውራ ጎዳና መሐሉን ሰንጥቆ ያልፋል። አብዛኛው ጎብኚ በመኪና ሳላውንና የሜዳ ፍየሉን በመስኮት ያያል፣ የአዋሽ ፏፏቴ ጋ ወርዶ ፎቶ ይነሣል፣ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። በዚህ አልፈርድም፤ ሙቀቱ ቀልድ አይደለም። ግን ወንዙ ዳር በሾላውና በሁመሩ ጥላ ሥር በእግሩ ያልሄደ ሰው አዋሽን አየሁ ቢል አይዋጥልኝም።

ጉዞው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሳያልፍ መጀመር አለበት። ከ4 ሰዓት በኋላ እንስሳው ጥላ ይገባል፤ ሰውም ከማየት ይልቅ ስለ ውኃ ያስባል። የፓርኩ ስካውት ጠመንጃውን አንግቶ ከፊት ይሄዳል። የአካባቢው ልጅ ነው፤ ዳርቻውን ከኔ በተሻለ ያውቀዋል፤ እሱ ቀጥ ካለ ምክንያቱን ሳልጠይቅ እቆማለሁ። ከስካውቱ ቀጥሎ እኔ ነኝ። ከኔ ቀጥሎ ማን እንደሚሆን ግን ለዕድል አልተወውም። በቡድኑ ውስጥ ቀስ ብሎ የሚሄደውን ሰው ፈልጌ ከኋላዬ አደርገዋለሁ።

“እማማ፣ እርስዎ እዚህ ከኔ ኋላ ይሁኑልኝ።”

“ኧረ ልጄ፣ እኔ አዘገያችኋለሁ፤ ወጣቶቹ ይቅደሙ።”

“እኔም የምፈልገው እሱን ነው፣ እማማ። ዛሬ ሁላችንም በእርስዎ እርምጃ ነው የምንሄደው።”

ወጣቶቹ መጀመሪያ ይቁነጠነጣሉ። ትንሽ ቆይተው ግን እጃቸው ከስልካቸው ይወርድና አንገታቸው መዞር ይጀምራል። እናቶች ደግሞ ከማንም በፊት ዛፍ ያውቃሉ። የሁመሩን ፍሬ ከመሬት አንሥተው፣ ፍቀው፣ ቀምሰው ለሌላው ሲያቀብሉ የኔ ገለጻ አያስፈልግም።

ጉማሬ የሚወጣበት ቦታ ስንደርስ እቆማለሁ። ጉማሬ ሌሊት ለግጦሽ ይወጣል፤ ንጋት ላይ ወደ ውኃው ይመለሳል። የግራና የቀኝ እግሮቹ ተራርቀው ስለሚረግጡ ዱካው ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት ቦዮች ይሆናል፤ መሐሉ ላይ ሣሩ ሳይረገጥ ይቀራል። ብዙ ሰው የጋሪ መንገድ ይመስለዋል። ጎንበስ ብላችሁ በአቅራቢያው ያለውን ቁጥቋጦ ብታዩ ቅጠሉ ላይ የደረቀ ፋንድያ ተለጥፎ ታገኛላችሁ፤ ወንዱ በጭራው እየመታ የረጨው ነው። ይህን ያየ ሰው “በጉማሬና በውኃው መካከል አትቁሙ” የሚለውን ማስጠንቀቂያ ሁለተኛ መስማት አያስፈልገውም። መንገዱን ራሱ አይቶታልና።

አዞው ጋ ስንደርስ ያለው አሠራር ሌላ ነው። ጠዋት አሸዋው ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ከሩቁ ከግንድ አይለይም። ብዙ አስጎብኚ “ያውላችሁ!” ብሎ በጣቱ ያሳያል። እኔ አላሳይም። ከውኃው ርቀን ቆመን “ከማዶው አሸዋ ላይ የሚተነፍስ ነገር ፈልጉ” ብቻ እላለሁ፤ ከዚያ ዝም። ዝምታው ለኔም ይከብደኛል፤ ሰው ከፍሎ የመጣው ልናገርለት ይመስላል። ግን በራሱ ዓይን ያገኘውን አዞ ሰው አይረሳውም። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚያየው ልጅ ነው። “ጋሼ፣ አፉን ለምንድን ነው የከፈተው? ሊበላን ነው?” ይለኛል። ሊበላን አይደለም፤ ሰውነቱ ሲሞቅ ሙቀት የሚያስወጣው በአፉ በኩል ነው። ለልጁ ይህን እነግረውና ለወላጆቹ ደግሞ ሌላውን እጨምራለሁ፦ የሚያሰጋን ይህ የምናየው አዞ አይደለም፤ ውኃው ደፍርሷል፣ ከሥሩ ያለውን ማናችንም አናይም። ፊት ለመታጠብ እንኳ ወደ ዳሩ የሚወርድ የለም።

ከሁሉ የሚረዝመው ማቆሚያዬ ዝንጀሮዎቹ ያሉበት ነው። እዚህ ላይ አዋሽ ከሌላው ዓለም ሁሉ ይለያል ብዬ አምናለሁ። ከፏፏቴው በላይ ባለው ወንዝ ዳር ወይራ መሳይ መልክ ያለው አኑቢስ ዝንጀሮ ይኖራል፤ ከፏፏቴው በታች ደግሞ ወንዱ ነጣ ያለ ግራጫ ጋማ የሚያበቅለውና ፊቱ የሚቀላው ሐማድርያስ አለ። በመካከሉ ሁለቱ ተጋብተው የተዳቀሉት ይገኛሉ፤ የዓለም ተመራማሪዎች ለአሥርተ ዓመታት እዚህ እየመጡ አጥንተዋቸዋል። ጎብኚ ግን “ዝንጀሮ እኮ ደብረ ሊባኖስም አይተናል” ብሎ ሊያልፍ ይፈልጋል። ያን ጊዜ “ቁጭ በሉ፣ አንዱን ወንድ ብቻ ምረጡና እሱን ብቻ ተከታተሉ” እላቸዋለሁ።

ሐማድርያሱ ጥቂት ይራመድና ዞር ብሎ ያያል። እንደገና ይራመድና ዞር ይላል። የሚቆጥረው ሴቶቹን ነው። አንዷ ከራቀች ቅንድቡን ሰቅሎ ያፈጥጥባታል፤ ካልመጣች ሮጦ ማጅራቷን ይነክሳታል፤ እሷም ተከትላው ትመለሳለች። አኑቢሱ ይህ የለውም። ብዙ ወንዶች በአንድ መንጋ ይኖራሉ፤ ሴቷም ወደፈለገችበት ትሄዳለች። አሁን ድቅሉን እዩት፦ ጋማው አጠር ያለ፣ ፊቱ ቀይም ጥቁርም ያልሆነ፤ ዞር ማለቱን ይጀምረውና ይተወዋል፤ ሴቷ ስትርቅ አንዳንዱ ይከተላል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። ይህን ለማየት ረዘም ያለ መቀመጥ ይጠይቃል። ከተቀመጡት መካከል “እንሂድ” ያለኝ ሰው ግን አላስታውስም።

በመንገዱ ላይ የከረዩ ሰዎች ግመልና ከብት ይዘው ውኃ ሊያጠጡ ሲወርዱ እንገናኛለን። ከመንገዱ እንወጣለን፣ ሰላም እንላለን፣ መንጋው እስኪያልፍ እንጠብቃለን። ፓርኩ ከመከለሉና ከወንዙ በላይ የሸንኮራ እርሻው ከመስፋፋቱ በፊት ይህ ዳርቻ የበጋ ግጦሻቸው ነበር። ስለ ሳላና ስለ ጉማሬ የሚያወራ አስጎብኚ ይህን ዘልሎ ካለፈ ግማሹን እውነት ደብቋል።

የመጨረሻው ማቆሚያ ጥላ ሥር ነው፤ ሁሉም ውኃውን ጠጥቶ ጫማውን ፈታ ሲያደርግ። የወንዙን ታሪክ የምነግረው ያኔ ነው፤ ቀድሜ ብናገረው ማንም አይሰማኝም። አዋሽ ከአዲስ አበባ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ይነሣል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 በተመረቀው የቆቃ ግድብ ይታቆራል፤ የመተሐራን ሸንኮራ ያጠጣል፤ እዚህ ፏፏቴ ይሆናል፤ ከዚያ አፋርን አቋርጦ በጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ባሕር አይደርስም። በመንገዱም የአዲስ አበባን ቆሻሻ የተሸከመው አቃቂ ይቀላቀለዋል። የዛፍ ሥር ላይ ተጠምጥሞ የቀረውን ፌስታል አሳያቸዋለሁ። ከላይ ከኛ ከተማ የሚለቀቀው ቆሻሻ ከአዋሽ ጋር የሚያልፈው በዚህ በኩል ነው። ይህን ስናገር የሚከራከረኝ የለም፤ አንዳንዱ ተነሥቶ ሳይታዘዝ ፌስታሉን ይለቅማል፤ ደስ ይለኛል።

ወደዚህ ለመምጣት ካሰባችሁ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ ምረጡ፤ ለየራሳችሁ ቢያንስ ሁለት ሊትር ውኃና ባርኔጣ ያዙ። ለዝንጀሮ ዳቦም ሙዝም አትስጡ፤ ከሰው እጅ መብላት የለመደ ዝንጀሮ ነገ ከልጅ እጅ ይነጥቃል፣ መጨረሻውም መባረር ወይም መገደል ይሆናል። አስጎብኚያችሁ በባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ዝም ሲል ደግሞ ሰዓት አትዩበት፤ አብራችሁት ቁሙ።