ጭብጨባ ገጣሚ አያወጣም

ባለፈው የግጥም ምሽት የቀረበው ሁሉ ጥሩ ነበር ብሎ ማለፍ ይቀላል። አዳራሹም ያለው ይህንኑ ነው፤ ስንኙ ቤት በመታ ቁጥር «ይበል! ይበል!»። እኛም አብረን አጨበጨብን። ኋላ አንዱ ወዳጃችን ያንኑ ግጥሙን ለመጽሔት ልኮ ተመለሰበት። «መጨረሻው ከመነሻው ጋር እንደማይገናኝ አላያችሁም ኖሯል?» ሲለን መልስ አጣን። አይተን ነበራ! ይሉኝታ ይዞን እንጂ።

እስቲ ቅኔ ቤቱን እናስታውስ። ተማሪው ገና በ2 ቤት ጉባኤ ቃና ሲጀምር የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ በጓደኞቹ ፊት ይታረማል። 8 ቤት ካለው መወድስ ሲደርስም እርማቱ አይቀርለትም። አፍሮ የሚያድር አለ፤ ሲነጋ ግን ሌላ ቆጥሮ ይመጣል።

ሻካራ ሂስ ስንል ስድብ ማለታችን አይደለም። «አትችልም» ማለት ሂስ አይሆንም። «ይህ ስንኝ ለቤት መምቻ ብቻ ገባ» ማለት ግን ሥራ ነው፤ አንብቦ መድከምን ይጠይቃል። ያጨበጨበ አልደከመም።

በሚቀጥለው ምሽት በእኛው ግጥሞች እንጀምር። እባካችሁ፣ አትራሩልን።